ስድስቱ ድሎች ከየት ይመጣሉ? የኮሌጅ ፉትቦል ቦውል ገቢዎችን የመገመት ሥራ

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱ በእጅ የሚያዝበት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል) መደበኛው ውድድር ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሲያልቅ፣ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ ቦውል የሚባሉ የግብዣ ጨዋታዎች ይካሄዳሉ። ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ከሚፋለሙት በስተቀር አንድ ቡድን አንድ ቦውል ይጫወትና ዓመቱ ያልቃል። ዋንጫው ራሱ ብዙም ላያስደንቅ ይችላል። ግብዣው ግን ለአሰልጣኙ ተጨማሪ የልምምድ ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ውሉ ላይ የተጻፈ ጉርሻ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን መታየት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከኦገስት ጀምሮ ማን እንደሚገባ የሚደረገው ግምት ይጧጧፋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙው ግምት የሚበላሸው ከመነሻው ነው። ሰው «የትኛው ቡድን ጠንካራ ነው?» ብሎ ይጀምርና ደረጃ ሰንጠረዥ ፍለጋ ይገባል። ቦውል የሚያስገባው ግን የድል ብዛት ነው፤ ከ12 ጨዋታ 6። መካከለኛ ቡድን ቀላል መርሃ ግብር ደርሶት ሲገባ፣ ከእሱ የሚሻል ቡድን ከባድ መርሃ ግብር ደርሶት ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው መርሃ ግብሩን ዘርግቶ ስድስቱን ድሎች ከየት እንደሚያገኝ በመፈለግ ነው።

መጀመሪያ ደንቡ። ቦውል የሚመለከተው የላይኛውን ምድብ፣ ማለትም ኤፍቢኤስን ነው። በ2025 በምድቡ 136 ቡድኖች ነበሩ፤ ቦታው ደግሞ 82 ነበር፤ 70ው በ35 መደበኛ ቦውሎች፣ 12ቱ በብሔራዊ ሻምፒዮናው ፕሌይኦፍ፣ ማለትም በጥሎ ማለፉ። ከአሥር ቡድን ስድስቱ ይገባል ማለት ነው። ከ1996 ወዲህ በኮሌጅ ፉትቦል አቻ የሚባል ውጤት ስለሌለ እያንዳንዱ ጨዋታ ወይ ድል ወይ ሽንፈት ነው፤ ስሌቱን የሚያቀለውም ይኸው ነው። 6 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን ብቁ ነው።

ነገር ግን ድል ሁሉ እኩል አይቆጠርም። ከታችኛው ምድብ፣ ከኤፍሲኤስ፣ ቡድን ላይ የተገኘ ድል በመደበኛው ቆጠራ አንድ ብቻ ነው የሚያዘው። ሁለት የኤፍሲኤስ ቡድን አሸንፎ በድምሩ 6 ያለው ቡድን ለዚህ ጉዳይ 5 እንዳለው ነው የሚታየው፤ ቦታ ሲተርፍ ካልሆነ በቀር አይጠራም። ሃዋይ ደግሞ በርቀቷ ምክንያት 13 ጨዋታ እንድትጫወት ይፈቀድላታል፤ ሃዋይ ድረስ ሄዶ የሚገጥማት ቡድንም እንዲሁ። 13 የተጫወተ ቡድን 6 አሸንፎ 7 ከተሸነፈ ድሉ ከሽንፈቱ ስለሚያንስ በቀጥታ አያልፍም፤ ሰባተኛ ድል ያስፈልገዋል። ከኤፍሲኤስ ገና በሽግግር ላይ ያለ ቡድን የቱንም ያህል ቢያሸንፍ በቀጥታ ብቁ አይሆንም። በትምህርት ውጤት ጉድለት የሚታገድም አለ፤ አክሮን በ2025 ገና ኳስ ሳይነካ በዚሁ ምክንያት ከቦውል ውጭ ነበር። እነዚህን አራት ነገሮች ኦገስት ላይ ከዝርዝሩ አጥርቶ ያላወጣ ሰው በኋላ ስሌቱ ለምን እንዳልገጠመለት ሲያስብ ይውላል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለእያንዳንዱ ቡድን የጥንካሬ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ከአማካይ ቡድን ጋር በገለልተኛ ሜዳ ቢጫወት በስንት ነጥብ ይበልጣል ወይም ያንሳል ማለት ነው። የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን ኤፍፒአይ እና የተንታኙ ቢል ኮነሊ ኤስፒ ፕላስ የሚባሉት መለኪያዎች ይህን ነው የሚሰጡት። ኤስፒ ፕላስ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ያያል፤ ካለፈው ዓመት ምን ያህል ተጫዋችና የጨዋታ ድርሻ ተመለሰ፣ በቅርብ ዓመታት የተመለመሉት ልጆች ደረጃ ምን ይመስላል፣ ቡድኑስ ሰሞኑን እንዴት ሲጫወት ቆየ። ጋዜጠኞች የሚመርጡት የ25 ቡድኖች ደረጃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደረጃ ቅደም ተከተል ነው፤ በአንደኛውና በአሥረኛው መካከል ያለው ርቀት በ40ኛውና በ60ኛው መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል፣ ደረጃው ግን ይህን አይናገርም። ደግሞም የቦውል ጥያቄ የሚነሳባቸው ቡድኖች ከ35ኛ እስከ 95ኛ ያሉት ናቸው፤ 25ቱ ውስጥ የሉም።

ከዚያ የሁለቱን ቡድኖች ነጥብ ቀንሶ በሜዳው ለሚጫወተው 2 ነጥብ ተኩል ያህል መጨመር ነው። እንግዳው 6፣ ባለሜዳው 2 ቢኖረው፣ 6 ሲቀነስ 2፣ ሲቀነስ 2.5፤ እንግዳው በ1.5 ነጥብ ይበልጣል። በኮሌጅ ፉትቦል ትክክለኛው ውጤት ከዚህ ግምት በ14 ነጥብ ገደማ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ሰፊ ነው። ከዚህ የሚወጣው ዕድል እንዲህ ይሆናል፤ የ1.5 ነጥብ ብልጫ 54 በመቶ፣ የ3 ነጥብ 58፣ የ7 ነጥብ 69፣ የ14 ነጥብ 84፣ የ21 ነጥብ 93 በመቶ። በሁለት ሳምንት አንዴ «የማይታመን ውጤት» የሚባለው ነገር ከዚሁ ስፋት የመጣ ነው፤ በየቅዳሜው ከ50 በላይ ጨዋታ ሲኖር 7 በመቶ ዕድል ያለው ነገር መከሰቱ አይቀርም።

አንድ መካከለኛ ቡድን ይዘን እንሂድ። በጠንካራ ኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በእርስ የሚጋጠሙ ቡድኖች ማኅበር) ውስጥ ያለ፣ 8 የኮንፈረንስ እና 4 የውጭ ጨዋታ ያለው ቡድን ነው እንበል። የውጭዎቹ፦ የኤፍሲኤስ ቡድን 97 በመቶ፣ ሁለት አነስተኛ ቡድኖች 85 እና 75፣ አንድ እኩያ ቡድን ከሜዳ ውጭ 45። የኮንፈረንሱ ደግሞ 60፣ 55፣ 50፣ 45፣ 35፣ 30፣ 20፣ 10። እነዚህን 12 ቁጥሮች ስትደምር 6.07 ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «6 ድል፣ ገብቷል» ይላል። እያንዳንዱን የድል ብዛት ለብቻው ስናሰላው ግን 6 እና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ 65 በመቶ ነው። በትክክል 6 የሚያሸንፍበት 26፣ በትክክል 5 ላይ የሚቆምበት 21 በመቶ። ከሦስት አንዴ ቤቱ የሚቀር ቡድን ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ የመለያያው መስመር 6 ሳይሆን 5.5 ነው። ድምሩ 5.5 የሆነ ቡድን የመግባት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፤ 5.8 ያለው ከግማሽ በላይ ነው። «5.8 ከ6 ያንሳል፣ አይገባም» የሚል ሰው ሒሳቡን ገልብጦታል። ሁለተኛው፣ ያንን 45 በመቶ ጨዋታ አውጥተህ በምትኩ 85 በመቶ የሆነ ተጋጣሚ ብታስገባ፣ ቡድኑ በአንድ ነጥብ እንኳ ሳይሻሻል የቦውል ዕድሉ ከ65 ወደ 75 በመቶ ይዘላል። የስፖርት ዳይሬክተሮች ለትናንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ከፍለው ወደ ሜዳቸው የሚጠሯቸው ወደው አይደለም።

ስሌቱን በእጅ መሥራት አድካሚ ነው፤ በኤክሴል ግን ይቀላል። ለ12ቱ ጨዋታዎች 12 የዘፈቀደ ቁጥሮች ከ0 እስከ 1 ታወጣለህ፤ ቁጥሩ ከዕድሉ ካነሰ ድል፣ ካልሆነ ሽንፈት። ድሎቹን ደምረህ አንድ «ዓመት» አገኘህ። ይህን 10,000 ጊዜ ደግመህ 6 ና ከዚያ በላይ የመጣባቸውን መቁጠር ነው። አንድ ሺህ ጊዜ ብቻ ብትደግም ውጤቱ በአንድና ሁለት በመቶ ይወዛወዝብሃል፤ ለጨዋታ ይበቃል፣ ለመጻፍ አይበቃም።

እዚህ ላይ ግን ጀማሪው የማያያት ወጥመድ አለች። ከላይ ያለው ስሌት 12ቱ ጨዋታዎች እርስ በእርስ እንደማይነካኩ አድርጎ ነው የሚያየው። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ኦገስት ላይ የሰጠኸው የጥንካሬ ነጥብ በ5 ነጥብ ከፍ ብሎ ከሆነ በ12ቱም ጨዋታ ላይ ነው የተሳሳትከው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ከተበጠሰ ጉዳቱ በቀሩት ጨዋታዎች ሁሉ ላይ ያርፋል። መፍትሔው በየዓመቱ ድግግሞሽ መጀመሪያ ላይ ለቡድኑ አንድ የዘፈቀደ ማስተካከያ መስጠት ነው፤ ዓመቱ ሳይጀመር ከሆነ ወደላይም ወደታችም 5 ወይም 6 ነጥብ ገደማ የሚዋዥቅ፣ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። ይህን ስታደርግ 90 በመቶ የነበረው ቡድን ዝቅ ይላል፣ 10 በመቶ የነበረው ከፍ ይላል፣ መሐል ያለው ግን ብዙም አይነቃነቅም። በኦገስት ለመካከለኛ ቡድን «95 በመቶ ይገባል» የሚል ግምት ካየህ ይህ ማስተካከያ ተረስቷል ማለት ነው።

ስሌት ውስጥ ለመግባት ጊዜ የሌለው አቋራጭ አለው። አወራራጅ ድርጅቶች ለየቡድኑ የዓመቱን የድል ብዛት መስመር ያወጣሉ፤ 5.5 የሚለው መስመር የቦውል ጥያቄው ራሱ ነው። አገር ቤት ባለው የኦድ አጻጻፍ፣ ከ5.5 በላይ 1.70፣ ከ5.5 በታች 2.10 ቢሆን፣ 1ን ለየአንዳንዱ ስታካፍል 58.8 እና 47.6 በመቶ ይመጣል። ድምሩ 106.4 ነው፤ ከመቶ የተረፈችው 6.4 የድርጅቱ ትርፍ ናት። 58.8ን ለ106.4 ስታካፍል ትክክለኛው የገበያ ግምት 55 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን ለመገመቻ ተጠቀምበት፤ ለመወራረድ ከሆነ ግን ያቺ ትርፍ ሁልጊዜ ካንተ ላይ እንደምትቆረጥ እወቅ። መስመሩ የሚቆጥረው ድልን ብቻ መሆኑንም አትርሳ፤ የሁለት ኤፍሲኤሱንና የሽግግሩን ደንብ አያውቅም።

ያለፈውን ዓመት ውጤት እንዳለ መገልበጥ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። 8 ያሸነፈ ቡድን ከእነዚያ ውስጥ አምስቱን በ8 ነጥብና ከዚያ በታች ልዩነት አሸንፎ በጠባብ ልዩነት አንዴም ካልተሸነፈ፣ ያ ዕድል እንጂ ችሎታ ነው ብሎ መያዝ አያዋጣም። በጠባብ ልዩነት የሚያልቁ ጨዋታዎች በሚቀጥለው ዓመት ወደ ግማሽ በግማሽ ይመለሳሉ። የወደቀ ኳስ ማን ያነሳዋል የሚለውም እንዲሁ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። በተቃራኒው፣ 4 አሸንፎ ስድስት ጊዜ በጠባብ ልዩነት የተሸነፈና ኳርተርባኩ የሚመለስለት ቡድን ሁሌም ሊታይ ይገባል። ዛሬ ተጫዋች በዝውውር ፖርታል (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልግ በሚመዘገብበት ዝርዝር) እንደልብ ስለሚንቀሳቀስ «ስንት ተጫዋች ተመለሰ» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ማን መጣ የሚለውም አብሮ ይቆጠራል፣ በተለይ ኳርተርባክና እሱን የሚከላከሉት የአጥቂው መስመር ግዙፎች።

ሁሉንም ቡድን አንድ በአንድ ከገመትክ በኋላ ኮንፈረንሱን በጅምላ ፈትሽ። በኮንፈረንስ ውስጥ አንዱ ካሸነፈ ሌላው ተሸንፏል፤ የድሉ ድምር ከሽንፈቱ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። 18 ቡድን ያለው ቢግ ቴን እያንዳንዱ 9 ሲጫወት 81 ጨዋታ ነው፤ የ18ቱ የኮንፈረንስ ድል ግምት 81 ካልመጣ የሆነ ቡድን ላይ አብዝተሃል። ኤስኢሲ እስከ 2025 በ8 የኮንፈረንስ ጨዋታ 64 ግጥሚያ ነበረው፤ ከ2026 ጀምሮ 9 ሲሆን 72 ይሆናል። የተጨመሩት 8 ግጥሚያዎች 8 አዲስ ሽንፈት በኮንፈረንሱ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ብዙዎቹም ቀድሞ በአነስተኛ ቡድን ላይ ቀላል ድል ይገኝበት የነበረውን ቅዳሜ ነው የሚተኩት። በድሮው ልማድ «ኤስኢሲ 13 ቡድን ያስገባል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ቆም ብሎ ማየት አለበት።

አሁን በጣም የሚያከራክረው ክፍል፤ ቦታ ሲተርፍ። የሁሉንም ቡድን የቦውል ዕድል ስትደምር በአማካይ ስንት ቡድን ብቁ እንደሚሆን ይነግርሃል። ያ ቁጥር ከቦታው ብዛት (በ2025 82 ነበር) ካነሰ 5 አሸንፎ 7 የተሸነፈ ቡድን ተስፋ አለው። መጀመሪያ ከላይ ያየናቸው በአንድ ምክንያት የተያዙ ቡድኖች፣ ማለትም ሁለት ኤፍሲኤስ ያሸነፉት፣ በሃዋይ ምክንያት 13 ተጫውተው 6 ያሸነፉት፣ በሽግግር ላይ ያሉት ይታያሉ። ከዚያ በ5 ድል የቆሙት በትምህርት ውጤት ይሰለፋሉ። መለኪያው ኤፒአር ይባላል፤ በየመንፈቁ እያንዳንዱ ባለስኮላርሺፕ ተጫዋች በትምህርቱ ብቁ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ ከቆየ አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ ጣሪያው 1000 ነው። በ2015 ለ80 ቦታ 77 ቡድን ብቻ ሲደርስ ነብራስካ፣ ሚኒሶታ እና ሳን ሆዜ ስቴት በዚህ በር ገቡ፤ ሦስቱም አሸነፉ።

የ2023ቷ ሚኒሶታ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ታሳያለች። ከ8 ጨዋታ 5 አሸንፋ ነበር፤ የቀሯት አራት ጨዋታዎች ሲሆኑ የሚያስፈልጋት አንድ ድል ብቻ። ኢሊኖይ በሜዳዋ፣ በዚያን ዓመት የደከመው ፐርዱ ከሜዳ ውጭ፣ ኦሃዮ ስቴት ከሜዳ ውጭ፣ ዊስኮንሰን በሜዳዋ። ዕድሉን ወግ አጥባቂ ሆነን 50፣ 55፣ 5 እና 40 በመቶ ብንለው እንኳ አራቱንም የምትሸነፍበት 13 በመቶ ነው፤ ማለትም 87 በመቶ ትገባለች። ኢሊኖይ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር አስቆጥሮ 27 ለ26 አሸነፈ። ፐርዱ 49 ለ30 ረታት፣ ኦሃዮ ስቴት 37 ለ3፣ ዊስኮንሰን 28 ለ14። 5 ለ7፣ ማለትም 5 ድልና 7 ሽንፈት፣ ሆና ቀረች። በዚያው ዓመት ግን ለ82 ቦታ 79 ብቁ ቡድን ብቻ ነበር። ሁለቱ ቦታ በሽግግር ላይ ለነበሩት ጄምስ ማዲሰንና ጃክሰንቪል ስቴት ሄደ፣ ሦስተኛው በኤፒአር ለሚኒሶታ። ዲትሮይት ላይ ቦውሊንግ ግሪንን 30 ለ24 አሸንፋ ዓመቱን ዘጋች። ግምቱ ተሳስቷል ወይስ ልክ ነው? 87 በመቶ ማለት ከስምንት አንዴ አይሆንም ማለት ነው፤ አንድ ውጤት አይቶ ሞዴል መጣል አይገባም። ግምትህን የምትፈትነው ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ 70 በመቶ ያልካቸውን ቡድኖች ሁሉ ሰብስበህ ከአሥር ሰባቱ ገብተው እንደሆነ በመቁጠር።

ከኖቬምበር መጀመሪያ ጀምሮ ጥንካሬን ትተህ የቀሩትን ጨዋታዎች ብቻ እይ። 3 አሸንፎ 4 የተሸነፈ ቡድን ከቀሩት 5 ጨዋታዎች 3 ያስፈልገዋል፤ የአምስቱ ዕድል እያንዳንዱ 50 በመቶ ከሆነ የመግባቱ ዕድልም በትክክል 50 በመቶ ነው። በመጨረሻው ሳምንት 5 ለ6 የሆኑ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ደግሞ አንዱ መግባቱ የተረጋገጠ ነው፤ ለሁለቱም 50 ጽፈህ ድምርህ ውስጥ አንድ ቡድን ቁጠር።

ማን ይገባል የሚለውና የት ይገባል የሚለው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው የስሌት ሳይሆን የውልና የስልክ ጉዳይ ነው። ኮንፈረንሶች ከቦውሎች ጋር ውል አላቸው፤ ቦውሉ ከኮንፈረንሱ በተራው ይመርጣል። ሲመርጥም ርቀትን፣ ሊመጣ የሚችለውን ደጋፊ ብዛት፣ ቡድኑ አምና እዚያው ተጫውቶ እንደሆነ፣ ተጋጣሚዎቹ በዓመቱ ተገናኝተው እንደሆነ ያያል። ኢኤስፒኤን ራሱ ከደርዘን በላይ ቦውሎች ባለቤት ስለሆነ ቡድኖችን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ለዚህ ክፍል ትክክለኛውን ቦውል ከመገመት ሦስት አማራጭ ጽፎ ማለፍ ይሻላል።

የተጋበዘ ሁሉ ይመጣል ማለትም አይደለም። በ2024 የሰን ቤልት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን የነበረው ማርሻል አሰልጣኙ ለቆ ከ20 በላይ ተጫዋቾች ፖርታል ሲገቡበት ከኢንዲፔንደንስ ቦውል ወጣ፤ በምትኩ 5 ለ7 የነበረው ሉዊዚያና ቴክ ተጠርቶ በአርሚ 27 ለ6 ተሸነፈ። በ2025 ደግሞ 10 አሸንፎ 2 የተሸነፈው ኖትርዳም ከፕሌይኦፍ ሲቀር ቦውል አልጫወትም አለ፤ አዮዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴትም ቀሩ። ቦታው ሲከፈት በ5 ድል ያሉ በርካታ ቡድኖች በተራ ተጠይቀው እምቢ ሲሉ፣ ሚሲሲፒ ስቴት፣ ራይስ እና አፓላቺያን ስቴት ገቡ፤ በሽግግር ላይ የነበሩት ደላዌርና ሚዙሪ ስቴትም ተጫወቱ። እንግዲህ ለ5 ለ7 ቡድን ዕድል ስትሰጥ ሁለት ቁጥር ያስፈልግሃል፤ አንዱ በኤፒአር ስንተኛ እንደሆነ፣ ሌላው ከፊቱ ያሉት ስንቶቹ እምቢ እንደሚሉ። አሰልጣኙን ያባረረና አዲሱን ገና ያልቀጠረ ቡድን ግብዣውን የመተው ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው።